በአቡዳቢና በአልዐይን የሚነገረውን እንግሊዝኛ ትርጉም ለመወሰን የወጣ አዋጅ

ስማ! ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! በሙሳፋ ጋራዥ እጅህ ዘይት የነካ፣ በአልዐይን ሰናዒያ ብረት የምትበይድ፣ በቪላ ጓሮ ምንጣፍ የምታራግፊ፣ ስልክሽን ከትራስ ሥር ደብቀሽ ሌሊት የምታነቢ፣ ሁላችሁም ስሙ!

ከቦሌ የተነሣ ሰው ትምህርት ቤት የተማረው እንግሊዝኛ በአራት ሰዓት በረራ ውስጥ ትርጉሙን ለውጦ የሚያርፍ መሆኑ ስለተረጋገጠ፤

የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ሊቃውንት ለሦስት ሰው በተሠራ ክፍል ከስምንት ሰው ጋር አድረው ስለማያውቁ፤

የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008ም ሆነ ማሻሻያው ቁጥር 1246/2013 ስለ ፓርቲሽን አንድም ቃል ያልተነፈሱ በመሆናቸው፤

የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «አዋጅ ቁጥር 971/02/03» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። 971 የአገሩ፣ 02 የአቡዳቢ፣ 03 የአልዐይን የስልክ መለያ ነው። ለቁጥር ብለን ምክር ቤት አላስቸገርንም።

አንቀጽ 2፦ ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ ወይም አሠሪዋ ማዳም ድንገት ካልገባች በስተቀር፣ በዚህ አዋጅ ውስጥ፦

«ባችለር» ማለት ደሴ ላይ ሚስትና አራት ልጆች ያሉት፣ ደመወዝ በወጣ ቁጥር ሐዋላ ቤት የሚሰለፍ፣ ቤት ሊከራይ ሲሄድ ግን «ለፋሚሊ ብቻ» የሚል ወረቀት በር ላይ የሚጠብቀው አባወራ ነው። በቁርባን ቢያገባም፣ በኒካህ ቢያገባም፣ ሚስቱ ከጎኑ እስካልቆመች ድረስ ላጤ ነው። «ኤግዚኪዩቲቭ ባችለር» የሚባለው ደግሞ ይኸው ሰው ሸሚዙን ተኩሶ ሲመጣ ነው።

«ቤድ ስፔስ» ማለት ቤዱ ያለ፣ ስፔሱ የሌለ ማደሪያ ነው። አልጋው ተደራራቢ ስለሆነ የታችኛው ይወደዳል። የላይኛው ተከራይ በሌሊት ሽንት ቤት ሲወርድ የታችኛውን እጅ ላለመርገጥ የሚያደርገው ጥንቃቄ በዚህ አዋጅ እንደ ሙያ ተቆጥሯል።

«ፓርቲሽን» ማለት ማዘጋጃ ቤት ያላወቀው፣ ሲያውቅ የሚያፈርሰው የጂብሰም ግድግዳ ነው። ጎረቤት ሲያስነጥስ አልጋህ ላይ እንደተጋደምክ «ይማርህ» ትላለህ፤ እሱም ከወዲያ «ያኑርህ» ይላል። ሚስቱ በስልክ የምትነግረውን የሰማህ እንደሆነ ግን አልሰማህም።

«ግሮሰሪ» አዲስ አበባ ላይ ድራፍት የሚጠጣበት ቤት መሆኑ የታወቀ ነው። አቡዳቢ ላይ ግን የዳቦ፣ የወተትና የስልክ ካርድ መሸጫ ነው። አዲስ ገቢ ወንድማችን መቀመጫ ፍለጋ በሩዝ ከረጢቶች መካከል ሲዞር ባለሱቁ ሌባ መስሎት ቢከተለው፣ ጥፋቱ የሁለቱም አይደለም፤ የመዝገበ ቃላቱ ነው።

«ሳሎን» ሶፋ የለበትም። ሳሎን ልሄድ ነው ያለች እህት እንግዳ ልትቀበል ሳይሆን ፀጉሯን ልትሠራ ነው።

«ካፍቴሪያ» ማለት የማይገባበት ቤት ነው። መኪናህን ከደጁ አቁመህ ክላክስ ትነፋለህ፣ ካራክ ሻይ እስከ መስኮትህ ይመጣል። እኛ ክላክስ የምናውቀው ለሠርግና ለጠብ በመሆኑ፣ አዲስ ገቢዎች ለመጀመሪያው ሳምንት ሙሽራ ፍለጋ ዞር ዞር ማለታቸው አያስነውርም።

«ራውንድ አባውት» በአልዐይን የአድራሻ ስም ነው። ከተማዋ በአደባባዮቿ የታወቀች ብትሆንም ብዙዎቹ በትራፊክ መብራት ተተክተዋል። የቆየ ሐበሻ ግን ዛሬም «ራውንድ አባውቱ ጋ ጠብቀኝ» ብሎ ይቀጥራል፤ አዲሱ ልጅም የሌለ አደባባይ ሲፈልግ ይውላል።

«ብሬክ» ማለት በየዓመቱ ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 15 (በፈረንጅ አቆጣጠር)፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ከቤት ውጭ በፀሐይ ሥር ማሠራት የሚከለከልበት ጊዜ ነው። ምድጃ ፀሐይ አይደለም ስለተባለ ማእድ ቤትን አይመለከትም።

«ኦቨርስቴይ» ማለት ቪዛ ካለቀ በኋላ በቀን 50 ድርሃም የሚወልድ፣ ዓርብም እሑድም የማይዘጋ ብቸኛ ሥራ ነው።

«አብስኮንዲንግ» (ከአሠሪ መጥፋት) የተባለውን ቃል አዲስ አበባ ላይ የእንግሊዝኛ መምህር ቢጠየቅ መዝገበ ቃላት ያገላብጣል። ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠች እህታችን ግን ትርጉሙን፣ ቅጣቱንና የምትሄድበትን ቢሮ ጭምር ትነግረዋለች። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ መምህሩ እሷ ናት።

«ቪላ» ማለት እናት ደብረ ብርሃን ላይ «ልጄ ቪላ ውስጥ ነው የምትኖረው» ሲሉ የሚጠሩት ቤት ነው። አልዋሹም። ቪላው አለ፤ ልጅቱም ከልብስ ማጠቢያው ማሽን አጠገብ ባለችው ክፍል አለች። ማሽኑ ሲጨምቅ አልጋዋም አብሮ ይጨፍራል።

«ላይክ ፋሚሊ» ማለት የደመወዝ ጭማሪ ሲጠየቅ የሚሰጥ መልስ ነው። ቃሉ ከውርስ፣ ከሶፋ፣ ከዋይፋይ የይለፍ ቃልና ከገበታው ዙሪያ ጋር ግንኙነት የለውም። ልጁ ሌሊት ሲያለቅስ ግን ዝምድናው ወዲያው ይጠብቃል።

«ኦፍ» ማለት፦ ስለዚህ ቃል የአገሩ መንግሥት ራሱ ትርጉም ስለሰጠ እኛ ለመቀለድ ሥልጣን የለንም። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ በ2022 በሌላ የተተካው የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ ቀን ክፍያ ያለው ዕረፍት ይደነግጋል። ፓስፖርትም በባለቤቱ እጅ ይሁን ይላል። ቀልዱ ያለው ሕጉ ከቪላው በር ሲደርስ ጫማውን አውልቆ እንዲጠብቅ መደረጉ ላይ ነው።

አንቀጽ 3፦ የተፈጻሚነት ወሰን

አዋጁ ከአቡዳቢ ኮርኒሽ እስከ ጀበል ሃፊት ግርጌ፣ በ160 ኪሎ ሜትሩ መንገድ ላይ አውቶቡስ ውስጥ ያንቀላፉትንም ጨምሮ ተፈጻሚ ይሆናል። አቡዳቢ የሚዳቋ አባት፣ አልዐይን ምንጭ ማለት ስለሆነ፣ ባለአገሮቹም ለስም እንደማይሰስቱ ተገንዝበናል። የዱባይ ሐበሻ የራሱን ያውጅ።

አንቀጽ 4፦ ክልከላና ቅጣት

«ሐላስ፣ አይ አም ታየርድ፣ በቃ ተይኝ» ብሎ ሦስት ቋንቋ በአንድ ትንፋሽ የጨረሰ ሰው አይቀጣም። ንጹሕ አማርኛ ብቻ የተናገረ ግን መቼ እንደገባና ማን እንደተቀበለው ይጠየቃል።

አገር ቤት ያለ ዘመድ «ቪላ» የሚለውን ቃል በሰማ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ስልክ፣ ባጃጅ ወይም የቤት ክዳን ቆርቆሮ መጠየቁ የተከለከለ ነው። መጀመሪያ «እንቅልፍ ትተኛለሽ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ግዴታው ነው።

አንቀጽ 5፦ የተሻሩ ሕጎች

የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ከሙሳፋ ድልድይ ወዲህም ወዲያም ተፈጻሚነት አይኖረውም።

አንቀጽ 6፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ ኦፍ ላላቸው ከመጪው ኦፍ ጀምሮ የጸና ይሆናል። ኦፍ ለሌላቸው ማዳም ከተኛችበት ሰዓት ጀምሮ ይጸናል። ኦፍ ያለሽ እህት፣ ለሌላት ደውለሽ የአንቀጽ 2ን የመጨረሻ ቃል ሁለት ጊዜ አንብቢላት።