ጠፋች እንጂ መቼ ተሠራች!

ኧረ ይቺ ቢጫ መብራት አንገሸገሸችን! ቼክ ኢንጅን ማለቴ ነው። ያረጀ ኮሮላ ወይም ያረጀ ቪትዝ የሚነዳ ሁሉ ያውቃታል። ጋራዥ እንገባለን፣ ኮምፒውተር ይሰካል፣ መብራቷ ትጠፋለች። «ጋሼ፣ በቃ አልቋል» እንባላለን፤ እንከፍላለን። ሰንበት ብላ ቀለበት መንገድ ላይ መልሳ ቦግ!

ማጥፋት መጠገን አይደለም፤ ይህን ስንቴ እንበል? እንዲያውም መብራቷን ያበራው የብልሽት ኮድ ሲሰረዝ የመኪናው ኮምፒውተር የያዘው ማስረጃ አብሮ ይጠፋል። ብልሽቱ በታየበት ቅጽበት ሞተሩ በስንት ዙር እየሠራ እንደነበር፣ ሙቀቱ፣ ፍጥነቱ፣ የነበረበት ጫና፣ ሁሉም ተመዝግቦ ነበር። ለሚቀጥለው መካኒክ ከዚህ የበለጠ ምን ይረዳዋል? አብዛኛው ብልሽት ደግሞ በተከታታይ ሁለት ጉዞ ላይ ካልታየ መብራቷን አያበራም። ከጋራዥ ስንወጣ ጠፍታ መታየቷ እንግዲህ የምንም ማረጋገጫ አይደለም፤ ኮምፒውተሩ ገና መርምሮ አልጨረሰም።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ መካኒኮች ኮዱን የዕቃ መግዣ ትእዛዝ ማድረጋቸው ነው። ፒ 0171ን እንውሰድ። የሚለው ሌላ አይደለም፤ ለሞተሩ የሚደርሰው ድብልቅ አየር በዝቶበታል፣ ነዳጅ አንሶታል። ምክንያቱን አይናገርም። የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ፣ የቆሸሸ የአየር መለኪያ ሴንሰር፣ የደከመ የነዳጅ ፓምፕ ወይም የተደፈነ ኢንጀክተር ሊሆን ይችላል። ባረጀ መኪና ላይ ደግሞ ጎማው ደርቆ የተሰነጠቀ ቱቦ ብርቅ አይደለም፤ ጭስ ነፍቶ የሚያፈስበትን ቦታ ማየት ይቻላል። እኛ ግን «ኦክስጅን ሴንሰሩ ነው» ተብለን ዕቃ ልንገዛ ሶማሌ ተራ እንላካለን። አየር በዝቷል ብሎ የተናገረው እኮ ሴንሰሩ ራሱ ነው! እውነቱን የመሰከረ ሰው ይታሰራል እንዴ?

ፒ 0420 ከመጣማ አያድርስ ነው። ካታሊስቱ የተቃጠለውን ጋዝ በሚገባ እያጣራ አይደለም ማለት ነው። ምክሩ ግን «ቆርጠህ አውጣው፣ ባዶ ቱቦ ይበየድበት» ይሆናል። ከካታሊስቱ በኋላ ያለው ሴንሰር ልዩነቱን ስለሚያይ መብራቷ ትመለሳለች፤ ጭሱንም ታክሲ የሚጠብቀው ሰውና ተማሪው ይስበዋል። ካታሊስቱን የገደለው የደከመ ቦቢና፣ ያለቀ ካንዴላ ወይም ዘይት የሚበላ ሞተር ከሆነ ደግሞ አዲስ ቢገጠምም ይገድለዋል። መብራቷ ብልጭ ድርግም ካለች በተለይ ሞተሩ እየዘለለ፣ ያልተቃጠለ ነዳጅ ወደ ካታሊስቱ እየላከ ነው፤ ነዳጅ ረግጦ መብረር ቀርቶ ቶሎ ዳር መያዝ ያስፈልጋል። ይህን ለአሽከርካሪው የሚነግር የት አለ?

ጎበዝ መካኒክ የለም አልልም። ሞተሩን አስነስቶ የሴንሰሮቹን ንባብ እያየ ግማሽ ቀን የሚለፋ አለ። እሱን ደግሞ ደንበኛው ያበሳጨዋል፤ «ምንም ሳትቀይር ምን ልክፈልህ?» ይለዋል። ለዕቃ እንጂ ለምርመራ ካልተከፈለ ማን ይመረምራል?

መኪናውን ሸጦ መገላገልም እንደ ድሮው አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና የሚያስገባውን በከባድ ታክስ ያዘው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከለከለ። ያለችን ይቺው ናት፣ ዕድሜዋን ማራዘም ግድ ነው። የኮድ ማንበቢያው ምስጢር ቢሆን አንድ ነገር ነበር። ማንበቢያው መኪናው ላይ የሚሰካበትን መሰኪያ ዓይነት አሜሪካ ከ1996 እ.ኤ.አ.፣ የአውሮፓ ኅብረት ለቤንዚን መኪኖች ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ወጥ አድርገውታል፤ ዛሬ በስልክ የሚሠራ ትንሽ ማንበቢያ ገበያ ላይ አለ። ኮዱ ሳይሰረዝ በፊት በወረቀት ጽፎ ለባለቤቱ መስጠት ምን ያህል ይከብዳል?

አሁን ደግሞ መኪና ሻጮች መብራቷን ራሷን ማፈን ይዘዋል። ቁልፍ ተከፍቶ ሞተር ሳይነሳ ቼክ ኢንጅን መብራት አለባት፤ ሞተሩ ሲነሳ ነው የምትጠፋው። ጭራሽ ካልበራች አምፖሉ ወጥቶ፣ ወይ ከኋላ በፕላስተር ተሸፍኖ ሊሆን ይችላል። «ንጹሕ መኪና ናት፣ አንድ መብራት የለባትም» ብለው ይሸጣሉ፤ ገዢው ወር ሳይሞላው ሞተር ያስወርዳል።