ፎሬስተር ለገዴራ ሜዳ

ከቂርያት መላኪ ገዴራ፣ ከገዴራ ያቭኔ ዳገት የሚባል ዳገት የለም። ጭቃም የለም። ልጆቻችን ግን አራቱም ጎማ ካልገፋ መኪና አይመስላቸውም!

በ1984 (እ.ኤ.አ.) በሙሴ ዘመቻ እስራኤል ስንገባ አገሩን የሞላው ሱባሩ ነበር። አብዛኞቹ የጃፓን ፋብሪካዎች የዓረቦችን ማዕቀብ ፈርተው ሲቀሩ እሱ ደፍሮ ገብቷል፤ ይህን አልክድም። አሁን የልጅ ልጄ ያገለገለ የሱባሩ ፎሬስተር ካልገዛሁ ብሎ አላስተኛ አለኝ።

ሻጭ ደግሞ ሁሉም አንድ አፍ ነው። «ሳባ (አያቴ)፣ ያድ ሪሾና (የመጀመሪያ እጅ) ናት፤ አንዲት አስተማሪ ነበረች የያዘቻት» ይልሃል። የዚህ አገር አስተማሪ ሁሉ ፎሬስተር ይነዳ ነበር እንዴ? ሲጣራ የኪራይ መኪና ሆና ትገኛለች። «ቴስት አልፋለች» ይላል ደግሞ። ቴስት የሚያየው ፍሬን፣ መብራት፣ ጭስና የመሳሰለውን ነው፤ የካምቢዮዋን ሆድ ማን ከፍቶ አየው?

ጎንደር በቅሎ ስንገዛ ጥርሷን አይተን፣ አስግረን ነበር። የዛሬ ልጅ የመኪናዋን ስክሪን ነክቶ ይፈርማል። እኔ ጎንበስ ብዬ አራቱን ጎማ አያለሁ። አንዱ አዲስ፣ ሦስቱ ያረጁ ከሆኑ አልፈልጋትም፤ የፊቱንና የኋላውን የሚያገናኘው ክፍል በዚያ ልዩነት ሲታገል ኖሮ ይበላሻል። ሞተሩንም እዳስሳለሁ፤ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀን የሚደብቀው አለው። ከዚያ ልጁ ባዶ ቦታ ላይ መሪውን እስከ ጥግ አዙሮ ቀስ እያለ ክብ ይንዳ፤ እየያዘች ከተንገጫገጨች ታማለች። ልጁ ግን «ሳባ፣ ሰው እያየን ነው» ይለኛል። ይየን!

መመርመሪያ ጣቢያ (ማኾን) እንውሰዳት ስለው ጥቂት መቶ ሼቄል አንገበገበው፤ ለመኪናዋ በአሥር ሺዎች ሲቆጥር ግን እጁ አይንቀጠቀጥም። የድሮዎቹ ባለ 2.5 ሊትር ፎሬስተሮች የቴስታታ ጓርኒሲዮናቸው እንደሚያስቸግር መካኒክ ሁሉ ያውቃል። ገዴራ ሜዳ ላይ ላይታወቅ ይችላል። በስግድ በዓል ቀን ወደ ኢየሩሳሌም ስንወጣ፣ ሻዓር ሃጋይ ዳገት ላይ ውሃዋ ሲፈላ ይታወቃል። ቄሶቹ ጸሎት ይዘው፣ እኛ ጃንጥላችንን ዘርግተን መንገድ ዳር!

የቂርያት መላኪና የያቭኔ ሽማግሌዎች ሆይ፣ ልጆቹ መኪና ሊገዙ ሲነሱ ቢቆጡም ባይቆጡም ተከትላችሁ ሂዱ። ፖስታ ቤት ስም ከዞረ በኋላ ሻጭ ስልክ አያነሳም።