ባሕረኛው ደገኛ

እኛ ጋይንቶች ውሃን የምናውቀው በዋንጫ ሲቀርብልን፣ በጠበል ሲረጭብንና በሐምሌ ወራት ወንዝ ሞልቶ መሻገሪያ ሲነሣን ነው እንጂ፣ ሰው በገዛ ፈቃዱ፣ ያውም ገንዘብ ከፍሎ፣ ማዶው በማይታይ ባሕር ላይ ተቀምጦ የሚውልበት ነገር መሆኑን አባቶቻችን አላስተማሩንም፤ ስለዚህ እኔ በጋይንቷ ቤተ ልሔም ተወልጄ፣ በዚያችው ደብር ከድጓው ቤት ደጅ ፊደል ቆጥሬ ያደግሁ ሰው፣ ዘመነ ጽጌ ገብቶ ጭቃው በደረቀ ቁጥር ጋቢዬን አጣጥፌ ወደ ጣና ቂርቆስ ደሴት መውረድን ልማድ ባደረግሁ ጊዜ፣ ጎረቤቶቼ በመጀመሪያ ስእለት ነው አሉ፤ ቀጥለው ደዌ ነው አሉ፤ በመጨረሻም ምክንያት መፈለጉ ሰልችቷቸው «ባሕረኛው» የሚል ስም አውጥተውልኝ ዐረፉ።

ዋና አላውቅም። ይህን አስቀድሜ መናገሬ አንባቢ ስሙን ሰምቶ ከሚገባኝ በላይ እንዳያከብረኝ ነው። ታንኳ ላይ በወጣሁ ቁጥር ሰላም ለኪ እደግማለሁ፤ ማዕበል ሲነሣም ነቢዩ ዮናስን አስባለሁ፤ ከእርሱ ይልቅ ግን አብረውት ተሳፍረው የነበሩትን ሰዎች አስባለሁ፤ እነርሱ ይህ መከራ በማን ጦስ እንደ መጣባቸው ለማወቅ ዕጣ መጣል አስፈልጓቸው ነበር፤ እኔ ግን ከሞቀ ቤቴ ማን እንዳስወጣኝ ያለ ዕጣ ዐውቃለሁ።

ይህን ልማዴን «የሐሩር ደሴት ፍቅር» ብሎ የሰየመልኝ በሰሜን አሜሪካ የሚኖረው የእኅቴ ልጅ ነው። እርሱ ባለበት አገር በረዶ በወረደ ቁጥር ወደ ጃማይካ እየሸሸ ከዚያ በስልክ ፎቶግራፍ ይልክልኛል፤ ፎቶግራፉም ዓመት ዓመት ያው ነው፤ አንድ ዘንባባ፣ አንድ ሰማያዊ ባሕር፣ አንድ ከወገቡ በላይ ዕርቃኑን የሆነ የእኅቴ ልጅ፤ የሚለወጠው ቦርጩ ብቻ ነው። እኛ ጃማይካን የምናውቃት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ኪንግስተን በደረሱ ዕለት ሕዝቡ ጥበቃውን ጥሶ ገብቶ አውሮፕላኑን ስለ ከበበው ንጉሠ ነገሥቱ ቶሎ ለመውረድ እንዳልቻሉ ሽማግሎች ሲያወጉ ሰምተን ነው፤ ልጁ ግን ስለዚህ ታሪክ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ስለ አሸዋው ሙቀት ይተርክልኛል። ባለፈው ጊዜም ደውሎ፦ «ጋሼ፣ ሰው አንድ ጊዜ የሐሩርን ደሴት ከቀመሰ ሌላ አገር አያምረውም፤ እርስዎ ግን ይህን ሳያዩ ሊያረጁ ነው» አለኝ።

ነገሩ ስለ ቆረቆረኝ ስልኩን እንደ ዘጋሁ የተማሪ ቤት ካርታ አስመጥቼ መረመርሁ። ሐሩር የሚባለው የምድር ወገብ ዙሪያ፣ አባቶቻችን በከዋክብት ሐሳብ ሸርጣንና ጀዲ በሚሏቸው ምልክቶች በተሰየሙት ሁለት መስመሮች መካከል ያለው ክልል ነው፤ ጃማይካ በሰሜን 18ኛው ዲግሪ ላይ ስትገኝ፣ ጣና በ12ኛው ላይ ይገኛል፤ እንግዲህ በሕግና በሥርዓት ከተፈረደ የእኔ ደሴት ከእርሱ ደሴት ይልቅ ለምድር ወገብ ቅርብ ናትና የሐሩርነቱ ማዕረግ የሚገባው ለእኔይቱ ነው። ይህንኑ ጽፌ ላክሁለት። ክርክሩን ግን ከዚህ አልፌ አልገፋሁበትም፤ ምክንያቱም በዚሁ ሥርዓት ከተሄደ ብርዳሟ ከተማችን ነፋስ መውጫም ሐሩር ናት፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በክረምት በረዶ የሚለብሰው የጉና ተራራም ሐሩር ነው፤ እኛም በጋቢ ላይ በርኖስ ደርበን እሳት ከበን የምንቀመጠው ሰዎች ሁላችን የሐሩር ሰዎች ሆነን ልንገኝ ነው።

ቁልቁል የሚወረደው መንገድ ራሱ አንድ ወግ ይወጣዋል። ቻይናዎች ከወረታ እስከ ወልድያ በሠሩት ጎዳና ላይ ከነፋስ መውጫ ስንነሣ አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ሁሉ እስከ ዓይኑ ተጠቅልሎ፣ መስኮት የከፈተም ቢኖር እንደ መናፍቅ ተወግዞ፣ ዝም ብለን እንሄዳለን፤ የጉናን ጥግ ይዘን ደብረ ታቦር ስንደርስ በርኖሱ ይወልቃል፤ ከዚያ በኋላ ጋቢው፣ ቀጥሎ ሹራቡ፣ ቀጥሎ ኮቱ እየተነሣ፣ ፎገራ ሜዳ ላይ ሩዙ ከታየበት ስፍራ ስንደርስ ጋይንቴው እንደ ሽንኩርት ተልጦ ተልጦ፣ የወለቀውን ሁሉ በጉልበቱ ላይ ቆልሎ ታቅፎ፣ ከክምሩ በላይ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ቅድም ስለ ብርድ የተወገዘው መስኮት አሁን ስለማይከፈት ሌላ ጠብ ይነሣል።

ከዚያ ወዲያ ኪስ ያዘዘው ይሆናል። ገንዘብ ሲኖር ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ ይኬዳል፤ ሳይኖር ደግሞ በምሥራቁ ዳርቻ ወርዶ በታንኳ መሻገር ነው። ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው፤ ደንገሉ ታጭዶ፣ በፀሐይ ደርቆ፣ በነዶ በነዶ እየታሰረ ይጠፈርና ጫፉ ወደ ላይ ቀና ይላል፤ ከሩቅ ለሚያየው ያማረ ነው፤ የሚቀመጥበት ሰው ግን ቶሎ የሚያስተውለው ውሃ የሚያስገባ መሆኑን ነው። እንዲያውም ያስገባል ማለት አይበቃም፤ ውሃው ከሥር በደንገሉ መካከል እየተመመ በነዶው ላይ የተቀመጠውን ሰው መቀመጫውን በዝግታ፣ ያለ ችኮላ፣ በአራራይ ዜማ ያረጥበዋል። ቀዛፊው በረጅም ዘንግ እየገፋ ፈገግ ይላል፤ ስንቱን ደገኛ እንዲህ አድርጎ አሻግሯል! አንድ ጊዜ ፍርሃቴን አይቶ፦ «አባባ፣ አይሥጉ፤ ጣና እኮ ጥልቅ አይደለም፤ ቢበዛ 14 ሜትር ቢሆን ነው» ብሎ አጽናናኝ። እኔ ቁመቴ ሁለት ሜትር የማይሞላ ሰው፣ የቀረውን 12 ሜትር ምን ላደርገው እንደምችል አልነገረኝም።

በእነዚህ ዓመታት ደግሞ እምቦጭ የሚሉት መጤ አረም በ2004 ዓ.ም. ገደማ በባሕሩ ላይ ከታየ ወዲህ ሌላ ፈተና ተጨምሯል። አበባው ሐምራዊ ሆኖ እጅግ ያምራል፤ የማያውቅ ሰው ሣር ነው ብሎ ሊረግጠው ይችላል። በአንድ ጉዞ ላይ በሞተራችን ተጠምጥሞ ቀጥ አድርጎ ሲያቆመን፣ ጀልባ ነጂው ቢላዋ ይዞ ጎንበስ ብሎ እየቆረጠ፣ የዓሣ አጥማጆቹ መረብ ምን እንደሚደርስበት ነገረኝና ሣቁ ከአፌ ጠፋ፤ በዚህ ነገር መቀለድ ስለማልችል ልለፈው።

ለምን ከ37ቱ የጣና ደሴቶች ቂርቆስን መረጥህ የሚለኝ ሰው ቢኖር፣ መልሴ ዝግጁ ነው፤ ውለታ ልመልስ ነው። ትውፊት እንደሚያስረዳው ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት ከንጉሡ ከገብረ መስቀልና ከአቡነ አረጋዊ ጋራ ወደ ጣና ቂርቆስ መጥቶ ሁለት ዓመት ከተቀመጠ በኋላ ወደ እኛ አገር ወጥቶ፣ በዙር አምባ ዝማሬና መዋሥዕትን ደረሰ። ከባሕር ወደ ጋይንት እርሱ መጥቶ ሳለ፣ ከጋይንት ወደ ባሕር አንድ ሰው እንኳ ወርዶ እግዜር ይስጥልን ባይል ነውር አይሆንም? በልጅነቴ የኔታን፣ «ቅዱሱ ያንን የሞቀ ደሴት ትቶ ወደ እኛ ብርድ የወጣው ስለ ምን ነው?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ ጥቂት አሰቡና፣ «ዓሣ ምን ዜማ ይቀበለዋል?» ብለው መለሱልኝ።

ስለ መሄድና መምጣት ካነሣን አይቀር፣ ወደ እኛም የመጣ አለ። በ1955 እ.ኤ.አ. ቶማስ ፓክንሃም የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ በበቅሎ ተራራ ለተራራ ተንከራትቶ ቤተ ልሔም ደረሰና፣ ከክቡ የሣር ክዳን በታች ተሰውሮ የሚኖረውን አራት ማዕዘን ጥንታዊ የድንጋይ ሕንፃ አይቶ ተደንቆ መጽሐፍ ጻፈበት። ደሴተኛው አገሩን ትቶ ወደ ተራራችን ሲወጣ ያደነቁት ሰዎች፣ ተራራዬን ትቼ ወደ ደሴት ስወርድ ማማታቸው እስካሁን አይገባኝም።

ደሴቲቱ ላይ ከወጡ በኋላ የሚደረገው ነገር ጥቂት ነው፤ የማይሰለቸኝም ስለዚህ ይመስለኛል። አንድ መነኩሴ ይቀበሉኛል፤ ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመግባቷ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት በዚያ መቀመጧን፣ እመቤታችን ከልጇ ጋራ በስደቷ ጊዜ 3 ወር ከ10 ቀን በዚያ ዐለት ላይ ማረፏን ይተርኩልኛል፤ ከዚያም ራሳቸው ላይ ጎድጎድ ያለ ነገር ወዳላቸው የድንጋይ ምሰሶዎች ወስደው፣ በኦሪት ዘመን የመሥዋዕቱ ደም በዚያ ይቀመጥ እንደ ነበር ይነግሩኛል፤ ጣታቸውን በባዶው ጉድጓድ ነክረው ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ እንደ ገናም ወደ ፊት ሲረጩ፣ እኔ ሁልጊዜ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እላለሁ። ነጠላዬ ነጭ ነውና ሰው አያምንም።

ታሪኩን በቃሌ ዐውቀዋለሁ። አንድ ጊዜ አባ ሲተርኩ የእመቤታችንን 10 ቀን ዘለሉብኝና፣ በድጓ ቤት ልማድ ቶሎ ብዬ ባነሣላቸው፣ ቆም ብለው አይተውኝ፣ «ልጄ፣ ተራኪው አንተ ነህ ወይስ እኔ?» አሉ። ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ነገር ግን የተማሪ ቤት ጠባይ አይለቅም። በቤተ ልሔም ድጓ የሚማር ሰው ያንኑ ቃል፣ ያንኑ ዜማ፣ ከዮሐንስ እስከ ዮሐንስ ዓመቱ በዞረ ቁጥር ሲመለስበት ይኖራል፤ መምህሩ ዓይናቸውን ጨፍነው ያንቀላፉ መስለው ይቀመጡና፣ ተማሪው ርክርኩን በይዘት የለወጠ እንደ ሆነ ከእንቅልፍ እንደ ተቀሰቀሰ አንበሳ ቀና ይላሉ። እኔም ደሴቲቱን የምሰማት እንዲህ ነው፤ ዘንድሮ አንዱ የዋርካ ቅርንጫፍ ወድቋል፤ ዓምና በደወሉ ድንጋይ አጠገብ ተኝቶ የነበረው ድመት አሁን ከቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ተኝቷል፤ አባ ትረካውን ከቀድሞው ይልቅ ቀስ ብለው ይጀምሩታል። አዲስ ደሴት የሄደ ሰው ይህን ሁሉ ከየት ያገኘዋል? እርሱማ ድመቱ ድሮም እዚያ የሚተኛ ይመስለዋል።

የዓሣውን ነገር ባልናገረው ደስ ባለኝ ነበር። ዘመነ ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው፤ ስመለስ ደግሞ በዳርቻው ላይ ቆሮሶው በዘይት እየተንጫጫ፣ ሽታው ከመንገድ ወጥቶ ይቀበለኛል። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ክርክር እኔ ለሊቃውንት ትቼዋለሁ፤ ሊቃውንቱም እርስ በርሳቸው ስላልተስማሙ ለእኔ ትተውልኛል፤ በዚህ መካከል ዓሣው እንዳይቀዘቅዝ አንድ ሰው ኃላፊነት መውሰድ አለበት።

ከሁሉ የከበደው ግን የባለቤቴ ክርክር ነው። ወደ ቂርቆስ ሴት አይገባም፤ የገዳሙ ሥርዓት ነው። እርስዋም አንድ ጊዜ በረከት እካፈላለሁ ብላ አብራኝ ወርዳ፣ እኔ እስክመለስ ከጀልባ ነጂው ጋራ በማረፊያው ጥላ ሥር ተቀምጣ ቆየች፤ ስመለስም፣ «ደሴቲቱ እኔን ካልወደደች እኔም አልወዳትም፤ እርስዎ ግን እንዲህ በየዓመቱ የሚገሠግሡት እኔ የማልደርስበት ስፍራ ስለ ሆነ እንዳይሆን!» አለችኝ። አይደለም ብዬ ምያለሁ። መሐላዬ ግን ፈጥኖ ስለ ወጣ እንዳላመነችኝ ዐወቅሁ።

በኋላ ከየት እንደ ሰማች አላውቅም፣ በደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴ የሚባል ደብር መኖሩን፣ ያሠሩትም እቴጌ ምንትዋብ መሆናቸውን፣ ሴትም እንደ ልብዋ ገብታ እንደምትሳለም ሰምታ መጣች። «ሴት ያሠራችው ደብር በባሕሩ ላይ ሳለ እኔን ጥላ ሥር አስቀምጠው የቆዩት ስለ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ነግሬሽ ነበር ብላት አልነገሩኝም አለች፤ በዚህ ላይ ምስክር ስላልነበረ ተረታሁና ወሰድኋት። ከመቅደሱ ግድግዳ ላይ እቴጌይቱ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው የተሣሉበትን ሥዕል ባየች ጊዜ ብዙ ሳትናገር ቆመች፤ እኔም ተመስጦ ነው ብዬ ዝም አልሁ። ኋላ ቀስ ብላ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ፣ «ይህን የመሰለ ልብስ ለብሰው መደፋታቸው!» አለች።

ከዚያ ቀን ወዲህ እርስዋም ተለከፈች። ዘንድሮ ጥቅምት ሳይገባ ገብሱን ቆልታ፣ አስፈጭታ፣ በሶውን በሁለት ከረጢት ቋጥራ አገኘኋት፤ እኔ ለቂርቆስ አባቶች ያሰብሁትን ትንሹን፣ የናርጋውን ደግሞ ትልቁን አድርጋዋለች። ጀልባ ነጂው በስልክ ተጠይቆ፣ ከቀትር በኋላ ነፋስ ስለሚነሣ ሁለቱን ደሴት በአንድ ቀን አዳርስ ብትሉኝ አልችልም፤ አንዱን ምረጡ ወይም የሁለት ቀን ዋጋ ክፈሉ አለ። ዋጋውን ሲነግረኝ እኔ ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁ፤ ባለቤቴ ግን ተቀብላኝ፣ «ልጄ፣ ናርጋ አድረን የመጣን እንደ ሆነ ቂርቆስን በመንገድህ አታደርገውም?» እያለች ታግባባው ጀመር።

እስካሁን አልተስማሙም። እርሱ ሁለት መቶ ብር ቀንሷል፤ እርስዋ ከናርጋ ፈቀቅ አላለችም፤ እኔ ደግሞ ሰው ሳያየኝ ከትልቁ ከረጢት ወደ ትንሹ ጥቂት በሶ አዛውሬያለሁ።