ጌጥ ያዥ

መቼም እኔን ለቁም ነገር የሚልከኝ ሰው የለም። እህቴ ከቡራዩ ደውላ «ቅዳሜ ሥራ የለህም አይደል?» ስትለኝ ጉዳዩ ቀላል መሆኑ ወዲያው ገባኝ፤ ከባድ ቢሆንማ ለታላቃችን ነበር የምትደውለው። ልጇ ሚጡ ለትምህርት ቤቷ የሴቶች ቡድን ኳስ ትጫወታለች። ቅዳሜ ሱሉልታ ግጥሚያ አለባቸው። የኔ ድርሻ ሜዳው ዳር ቆሜ የልጅቷን የጆሮ ወርቅ መያዝ ነው፣ በቃ። ባለፈው ጊዜ የሁሉም ጌጥ በአንድ ኮፍያ ተሰብስቦ ሲመለስ፣ ሚጡ በግራ ጆሮዋ የሌላ ሰው ጉትቻ አንጠልጥላ ቤት ገብታለች። «ታዲያ ወርቁ ለምን ቤት አይቀርም?» ብላት «ልጄ ባዶ ጆሮዋን ከቤት ትውጣ?» ብላ ጮኸችብኝ። ወርቁ የእናታችን ነበር። እኔም ደረቴን ነፍቼ «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» አልኳት። ዝም አለች። ዝምታዋ ብዙም አልጣመኝም።

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ዛሬ ሦስቱም ሸገር ከተማ ስለሚባሉ፣ የማያውቅ ሰው አንዱ ካንዱ በእግር የሚደረስ ይመስለዋል። ወዳጄ፣ አንዱ ጅማ መንገድ ላይ፣ አንዱ አምቦ መንገድ ላይ፣ አንዱ ጎጃም መንገድ ላይ ነው። እኔ የሰበታው ሰው ሱሉልታ ለመግባት በአየር ጤና አድርጌ አዲስ አበባን ሆዷ ድረስ ገብቼ፣ አዲሱ ገበያ ወጥቼ፣ እንጦጦን መሻገር አለብኝ። ያውም ረዳቱ «ሞልቷል፣ ሞልቷል፣ አንድ ሰው!» እያለ ለአራት በተሠራ ወንበር ላይ አምስተኛ አድርጎ አስቀምጦኝ ነው። ጃኬት ሳልደርብ ነበር የወጣሁት። ሱሉልታ ብርዱ አጥንት ነው የሚገባው፤ ጣቶቼ ከስተው የሌላ ሰው መሰሉኝ። ይህንን የጣት ነገር ያዙልኝ።

ደርሼ የሚጡን ወርቅ ተቀብዬ በመሐረብ ቋጠርኩና ደረት ኪሴ ከተትኩ። እዚህ ላይ ብቆም ኖሮ ዛሬ የማወራችሁ ነገር አይኖርም ነበር። አንዷ ጓደኛዋ «ጋሼ፣ የኔንም ይያዙልኝ?» አለች። እምቢ ይባላል? ከዚያ በረኛዋ መጣች፣ ከዚያ ተከላካዮቹ፣ ከዚያም፣ ምኑን ልንገራችሁ፣ የሱሉልታዎቹ ልጆች ራሳቸው ተሰልፈው መጡ። አምባር፣ የፀጉር ጨሌ፣ የአፍንጫ ፈርጥ፣ አልቦ ሳይቀር። የሱሪዬ ኪስ ቀዳዳ ነው፤ ሚስቴ ልትሰፋልኝ ፋሲካን ቀጠሮ ሰጥታኝ ነበር፣ የትኛውን ፋሲካ እንደሆነ ግን አልተነጋገርንም። ደረት ኪሴ ሞላ። ስለዚህ አምባሮቹን ክንዴ ላይ ደረደርኩ፣ ሐብሎቹን አንገቴ ላይ አጠለቅሁ፣ ቀለበቶቹን በጣቶቼ ልክ አከፋፈልኩ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲባል ሰምቼ ነበር፤ እኔ ግን እውነቱን ለመናገር ትንሽ ደምቄ ነበር።

ዳኛው የስፖርት መምህር ናቸው። ተጫዋቾቹን አሰልፈው ጆሮ ለጆሮ እየፈተሹ የጨዋታውን ሕግ ቁጥር 4 ያነቡላቸዋል። ሐብል፣ ቀለበት፣ አምባር፣ ጉትቻ፣ የቆዳም ሆነ የጎማ ማሰሪያ በሙሉ ይወልቃል፤ በፕላስተር መሸፈንም አይቻልም። የቡራዩዎቹ ዋና አጥቂ ግን ጆሮዋ ላይ ፕላስተር ለጥፋ ነበር የመጣችው። በዚያው ሳምንት ውበት ሳሎን ሄዳ ጆሮዋን ሁለተኛ ቀዳዳ አስበስታለች። አዲስ ብስ ደግሞ ስድስት ሳምንት ያህል ጌጡ ሳይወልቅ መቆየት አለበት። ብታወልቀው ይደፈናል፣ ባታወልቀው አትገባም። ልጅቷ ጆሮዋን መርጣ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ለኔ ውርደት ዋና ምስክር እሷ ናት።

የማተቡ ነገር ግን መምህሩንም አስጨነቃቸው። ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሣ ያሰረችውን ክር «በጥሺ» ብሎ ለእናቷ የሚመልስ ማን ነው? በራስ በኩልም አይወጣም። አሜሪካኖቹ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻቸው እግር ኳስ የሃይማኖት ሜዳሊያ ከማሊያ ሥር በፕላስተር ተጣብቆ እንዲገባ ፈቅደዋል፤ እኛ ጋ ደግሞ መምህሩ ድንገት ደመናውን ማየት ጀመሩ። ክሩ ከማሊያው ሥር ገባ። የሚገርመኝ፣ ቀነኒሳ በቀለ መሮጫ መም ባሠራባት በዚችው ሱሉልታ፣ አንዲት ሯጭ ጉትቻዋን እያወዛወዘች ብትሮጥ ማንም የሚያስቆማት የለም፤ አትሌቲክስ ጌጥ አይከለክልም። መሠረት ደፋር ለንደን ላይ በ2012 እ.ኤ.አ. 5,000 ሜትር ስታሸንፍ የእመቤታችንን ሥዕል ከደረቷ ስታወጣ አላየንም? ሩጫ ላይ የሰው እጅ ሰው ጆሮ ላይ እምብዛም አያርፍም፣ ነገሩ እሱ ነው።

አውቶቡሱ ዘግይቶ፣ ንግግሩ ረዝሞ፣ ጨዋታው ሊጀመር ሲል ፀሐይዋ ከረረች። አንደኛው መስመር ዳኛ አልመጣም። መምህሩ ዙሪያውን ቃኝተው «ወንድም፣ ባንዲራ ይይዙልናል?» አሉኝ። እኔን! በሕይወቴ ባንዲራ ያዝ ብሎኝ የሚያውቅ የለም። ዘልዬ ተነሣሁ። ተንሿሿሁ። መምህሩ አምባሮቼን፣ ሐብሎቼን፣ ጣቶቼን አዩና «ዳኛም ከሰዓት በቀር ጌጥ አያደርግም» አሉ።

ሌላው ሁሉ ወለቀ። በቀኝ እጄ የቀለበት ጣት ላይ ያለችው ግን፣ የሱሉልታዎቹ አማካይ የነሐስ ቀለበት፣ አልነቃነቅ አለች። ጠዋት በብርድ በከሳ ጣት ሰተት ብላ ገብታለች፤ ጣቴ አሁን ሞቆት አብጧል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። በውሃ ሞከርን፣ በሳሙና ሞከርን፣ አንዷ ቫዝሊን አመጣች። ሁለት ተጫዋቾች ወገቤን ይዘው አንዷ ጎተተችኝ። አጥቂዋ ተቀምጣ «ጋሼ፣ ፕላስተር ልለጥፍልዎት?» ትላለች። መምህሩ በበኩላቸው ለማጽናናት ይሁን ለማስተማር እንጃ፣ የስዊዘርላንዱን የሰርቬት ተጫዋች የፓውሎ ዲዮጎን ታሪክ አመጡ። ሰውየው በ2004 እ.ኤ.አ. አዲስ ሙሽራ ሳለ፣ ጎል ሲቆጠር ደስ ብሎት አጥር ላይ ወጣ፤ የጋብቻ ቀለበቱ አጥሩ ላይ ተያዘ፤ ሲወርድ ጣቱ ተቆርጦ ቀረ። ዳኛው ደግሞ ደስታህ በዛ ብሎ ቢጫ ካርድ ሰጠው። ይህን ሁሉ የሚነግሩኝ ጣቴን ይዘው ነው።

ያዳነችኝ ሜዳው ዳር ቡና የምታፈላ ሴት ናት። ከነጠላዋ ጥለት ላይ ረጅም ክር መዘዘች፣ ጫፏን በስንጥር በቀለበቷ ሥር አሾለከች፣ ቀሪውን ከቀለበቷ በላይ ጣቴ ላይ ጥብቅ አድርጋ እስከ መገጣጠሚያው ጠመጠመች። ጣቴ ጠቆረ። ከዚያ የሾለከችውን ጫፍ ይዛ ቀስ እያለች ስትፈታ፣ ቀለበቷ በክሩ ላይ እየተሳበች ወጣች፣ ወጣች፣ እና ቱር ብላ ሣሩ ውስጥ ገባች። ግጥሚያው ሳይጀመር ቆመ። ሃያ ሁለት ልጆች በጉልበታቸው ተንበርክከው ሣር መፈተሽ ያዙ። ቀለበቷ እስክትገኝ ባንዲራዬን ለአንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሰጥተውብኛል።

የሚጡ ቡድን ያለ አጥቂዋ 2 ለ 0 ተሸነፈ። እኔን ደግሞ ዋናው ፈተና ጌጡ ሲመለስ ነው የጠበቀኝ፤ ጉትቻ ሁሉ ነጭ፣ ጉትቻ ሁሉ አንጸባራቂ። አንዱን ጉትቻ ሁለት ልጆች «የኔ ነው» አሉ፣ አንዱን ደግሞ ማንም የኔ ነው አላለም። የእናታችን ወርቅ በመሐረቡ ውስጥ በሰላም ተገኘ፤ ይህንን ለእህቴ ስነግራት «እሱማ ግዴታህ ነው» አለች።

ሕጉ ትክክል ነው፣ በጣቴ አይቼዋለሁ። ግን «አውልቁ» ይላል እንጂ የት እንደሚቀመጥ አይናገርም። ስለዚህ እናንተ የትምህርት ቤት ሰዎች፣ ኳስና መረብ ስትገዙ ቁልፍ ያላት ትንሽ ሣጥንና ስም የሚጻፍባቸው ፖስታዎች አብራችሁ ግዙ። ያቺ ባለቤት ያጣችው ነጭ ጉትቻም እስካሁን እኔ ጋ ናት፤ የሱሉልታም ሆነ የቡራዩ ልጅ የጎደላት ካለች አንዷን ይዛ ትምጣ፣ አስተያይተን እንሰጣታለን።