ሥርዓተ ኪራይ ዘድሬዳዋ

በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር ተጽፎ በሁለት ምስክሮች ፊርማ የጸና አንድ የቤት ኪራይ ውል ሰሞኑን ለማንበብ ብታደል፣ ከአበ ምኔት የወጣ ሥርዓተ ገዳም እንጂ የሁለት ክፍል ቤት ውል አልመስልህ አለኝ፤ ተከራይ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ በር አያንኳኳም፣ እንግዳ አያሳድርም፣ ድንጋይ በሚያልብበት በግንቦት ሌሊት ቬንትሌተር አያዞርም፣ ሙቀቱ ቢበረታበትም ፍራሹን ወደ ግቢ አያወጣም። አከራዩ ግን፣ ዕድሜ ይስጣቸውና፣ የስድስት ወር ኪራይ አስቀድመው ይቀበላሉ፣ «በፈለጉ ጊዜ» ይጨምራሉ፣ «ባሻቸው ቀን» ያስወጣሉ፤ ተከራዩም ወደ ችሎት ላይሄድ በገዛ ፊርማው ይገዘታል።

ከሕግና ከመልካም ጠባይ ውጭ የሆነ ግዴታ ፈራሽ መሆኑን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1716 ከደነገገ ስንት ዘመኑ! ይህ አልበቃ ቢል ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 መጥቶ፣ የኪራይ ዘመን ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያ ከ2 ወር እንዳይበልጥ፣ ጭማሪም ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው መሠረት በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሆን፣ ውሉም በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ አዘዘ። (ስለ ቬንትሌተሩ አዋጁ ዝም ብሏል፤ አርቃቂዎቹ ግንቦትን በድሬዳዋ አላሳለፉ ይሆናል።)

ተከራዩ ይህን ሁሉ ጠቅሶ፣ በትሕትና ጎንበስ ብሎ ቢያመለክት፣ አከራዩ የሰጡት ሐተታ አጭር ነበር፤ «እንግዲያው ልጄ፣ አዋጁ ቤት ካለው ከእሱ ተከራይ!»

ተከራዩም ፈረመ።