ሎጂክ አልፏል

ዩኒቨርሲቲዎቻችን በመጀመሪያው ዓመት የሚሰጧቸውን የጋራ ኮርሶች የሚያማ ሰው ሲያጋጥመኝ ደስ አይለኝም። የጋራ የሆነውን ማማት የቆየ ልማዳችን ቢሆንም ፍሬሽማን ግን ማንን በደለ? ልጁ ነገ ሐኪምም ይሁን መሐንዲስ፣ ሒሳብ ሠራተኛም ይሁን ዳኛ፣ ከመለያየቱ በፊት ከሌላው ጋር አንድ ክፍል ተቀምጦ አንድ ዓይነት ነገር ቢማር ጉዳቱ ምንድን ነው? ለአንድ ዓመት ብቻ እኮ ነው። ከዚያ በኋላ የጋራው ያልቅና ሁሉም ወደየራሱ ይገባል።

ነገሩ ትናንት የመጣ አይደለም። ካናዳዊው የጀስዊት ካህን ዶክተር ሉሲየን ማቴ የመሩት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለተማሪ ለቀቁ። ቤተ መንግሥት ለትምህርት የተለቀቀው ያኔ ነው። ከዚያ ወዲህ ቤተ መንግሥትና ትምህርት በአንድ ግቢ ሲገናኙ አላየሁም፤ የቦታ ጥበት ይሆናል።

በዚያ ግቢ ፍሬሽማን የቆየ ሥርዓት ነበር። በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መንፈስ ግን 11ኛና 12ኛ ክፍል መሰናዶ ተባሉ፣ የፍሬሽማኑ ትምህርት ወደዚያ ወረደ፣ የብዙው ዲግሪ ዘመንም ከአራት ዓመት ወደ ሦስት አጠረ። ኋላ ደግሞ ሰባ ሠላሳ የሚባል ድልድል መጣ፤ ከመቶው 70ው ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ። ተማሪው በር ላይ ተከፋፍሎ ገባ። የጋራ ዓመት የሚባል ነገር ሳያዩ የተመረቁት እነዚያ ልጆች ዛሬ የት ደረሱ ብላችሁ አትጨነቁ። ያልደረሱበት የለም። አገሩንም እንደምታዩት አድርገው ይዘውታል።

የጋራው ዓመት የተመለሰው በ2012 ነው። በዚያው ዓመት በየግቢው ተማሪው እርስ በርሱ አልስማማ ብሎ ሻንጣውን እያነሣ ወደ ቤቱ የገባው ብዙ ነበር፤ የቀረውን መጋቢት ላይ ኮሮና በተነው። የጋራ ነገር ሲጀመር እንቅፋት አያጣም። ሁለት ዓመት ቆይቶ የመጣው የ12ኛ ክፍል ፈተና ደግሞ የመማሪያ ክፍሉን መጨናነቅ በመጠኑ አቃለለው፤ በ2014ቱ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ከተፈታኙ 3.3 በመቶ ብቻ ነበርና። ከወደቁት ለተሻሉት ሬሚዲያል ተከፈተላቸው። የወደቀ ሁሉ ሬሚዲያል ቢኖረው እንዴት ጥሩ ነበር።

የእህቴ ልጅ አሁን ፍሬሽማን ነው። የኮርሶቹን ዝርዝር በስልክ ሲያነብልኝ ጀነራል ሳይኮሎጂ፣ ጀነራል ፊዚክስ፣ ጀነራል ባዮሎጂ እያለ ቀጠለ። በጀነራል በኩል እንኳ እጥረት የለብንም አልኩት።

የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ የሚባለው መጀመሪያ የሚያስተምረው የአገርን ቅርጽ ነው። የተሰበሰበ አገር አለ፣ የረዘመ አለ፣ የተሰባበረም አለ። ድንበሩን ከስፋቱ ጋር አነጻጽረው አገሪቱ ለክብ ምን ያህል እንደምትቀርብ ያሰላሉ። «ዙሪያዋን ለክተን ጨረስን፤ መሐሏን አልደረስንበትም» አለኝ ልጁ። አይዞህ፣ እኛም አልደረስንበትም አልኩት። የታሪኩ ኮርስ ላይ ሞጁሉ ገና በረቂቅ ሳለ የሚጣላ አልጠፋም ነበር፤ እሱን ትቼዋለሁ፣ ያለፈ ነገር አልወድም።

አካታችነት የሚሉት ኮርስም አለ፤ ስለ አካል ጉዳተኛው፣ ስለ ተገፋው፣ ማንም ከማዕድ እንዳይቀር። የሚሰጠው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለም። በክራንች የሚሄድ አንድ ጓደኛቸው ከታች ይጠብቃቸውና ሲወርዱ ማስታወሻቸውን ይገለብጣል። ኮርሱን አልነቅፍም፤ መካተት የፈለገ መውጣት አለበት። ብዙ ወጣቶችም ይህን ተረድተው እየወጡ ነው። አንዳንድ ተቺዎች ትምህርቱ የሚያስፈልገው ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳይሆን ከላይ ላሉት ነው ይላሉ። ከላይ ሲሉ አራተኛ ፎቅ ማለታቸው ይመስለኛል።

ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂን በፎቶ ኮፒ ነው የሚያጠናው፣ ኔትወርክ ስለማይመች። ኢንተርፕረነርሺፕ ፈጠራን ያስተምራል፤ እሱ እንኳ ባይሰጥም ግድ የለም። የየመሥሪያ ቤቱን የዓመት ሪፖርት ያነበበ ሰው ፈጠራ በአገራችን የቱን ያህል እንደ ሠመረ ያውቃል።

ከሁሉም የምወደው ሎጂክን ነው። ሙሉ ስሙ ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ ነው፤ ማሰብ በሦስት ክሬዲት ሰዓት ተጀምሮ በዚያው ያልቃል። ሞጁሉ ሰው ሲከራከር የሚሠራቸውን ስሕተቶች በየስማቸው ይጠራል። በክርክር ፋንታ ዱላ ማሳየት አንዱ ነው። መምህሩ እዚህ ሲደርሱ ምሳሌ አልሰጡም፤ ተማሪው ያለ ምሳሌ ገባው። ማስረጃ መደበቅም ስሕተት ነው፤ ለዚህ ምሳሌ ተፈልጎ አልተገኘም። የተባለውን ትቶ የተናገረውን ሰው መያዝ፣ ከየት መጣህ፣ የማን ልጅ ነህ ማለት ሌላው ነው። አንዱ ተማሪ እጁን አውጥቶ ይህ ስሕተት ከሆነ ትክክሉ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ አሉ። መምህሩ ከየት እንደመጣ ጠየቁት። የሰው ብዛትን እንደ እውነት መቁጠርም ተወግዟል፤ ይህን የተማሩት ለድጋፍ ሰልፍ ወጥተው በተመለሱ ማግስት ስለሆነ ድካም ነበረባቸው፣ ብዙም አልተከታተሉም። የክፍፍል ስሕተት የሚባለው ላይ ሲደርሱ ጊዜ አለቀና ራሳችሁ አንብቡት ተባለ።

አንድን ቃል በሁለት ትርጉም መጠቀምም እዚያው ስሕተት ተብሎ ተጽፏል። የቅኔ ቤት ሰዎች ይህን ቢሰሙ ጉባኤ ቃናቸውን ይዘው በተሰደዱ። እኔም ደንግጬ ከላይ የጻፍኩትን መለስ ብዬ አየሁት። ሁሉም ቃል አንድ አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው፤ አንባቢም ሌላ እንዳይፈልግ አደራ።

ውጤት ወጥቶ እናቱ ስትደውል የመጀመሪያው ቃሏ «ሎጂክ አልፏል!» የሚል ነበር። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም፦

ሎጂክ አልፏል ሲሉ እልል ብል ከቤቴ፣
ነጠላ ዘቅዝቃ መጣች ጎረቤቴ።

ጎረቤቴ እትዬ ጆሯቸው ደከም ብሏል፤ የሰሙት ግን በደንብ ነው።

እህቴ ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ሥነ ምግባር ወድቋል። ስፖርቱን፣ ሳይኮሎጂውን፣ ሌላውን ሁሉ ተወጥቶት ሥነ ምግባር ብቻ ነው የወደቀው። እንዴት ብዬ አልጠየቅኩም፤ መቼ እንደወደቀ እንኳ በትክክል የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። ልጁን አጽናናሁት። ከ2015 ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተና የየትምህርት ክፍሉን ዋና ዋና ኮርሶች እንጂ የጋራውን አይጠይቅም፤ ስለ ጋራው ሳይጠየቁ መውጣት ይቻላል፣ የወጡም አሉ። ለትልቅ ቦታም ቢሆን ዲግሪህን እንጂ ሥነ ምግባርህን ገልጦ የሚያይ የለም አልኩት። እሱ ግን ግትር ነው፣ የወደቀውን አነሣለሁ አለ።

ሬጅስትራር ሄዶ ኮርሱ መቼ እንደሚከፈት ጠየቀ። ፈላጊ ሲበዛ ነው የምንከፍተው አሉት። ተሰልፎ ስሙን አስመዘገበ። ማታ ደውዬ ወረፋው ረጅም ነበር ወይ አልኩት።

«ኧረ የለም ጋሼ፣ ከፊቴ ማንም አልነበረም» አለኝ። «ከኋላዬ የቆሙትም የዘይት ሰልፍ መስሏቸው ነው።»