ውጭ አሠሩት

አሜሪካኖች ምን ይሳናቸዋል! አንቲፎስፎሊፒድ ሲንድሮም የሚሉት በሽታ አለ፤ የሰውነት መከላከያ በገዛ ባለቤቱ ላይ ይሸፍትና በደም ሥር ውስጥ ደም ያረጋል፣ ፅንስ ያስወርዳል። እነሱ ዘንድ ሕመሙ በኮድ ዲ68.61 ተብሎ ይጻፋል። በሽታውን ለመለየት የሚታዘዘው የአንቲካርዲዮሊፒን ምርመራ ደግሞ 86147 ነው፤ አይጂጂና አይጂኤም የተባሉት ሁለቱ የፀረ እንግዳ አካል ዓይነቶች ከታዩ ያው የአንድ ሰው ደም ለሒሳብ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። የምርመራ ቁጥሮቹ ባለቤት የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር ስለሆነ፣ ለመጠቀም የፈቃድ ክፍያ አለው። ቁጥርን ማስገበር! ጎንደር ላይ ለነገሡት ሁሉ ይቺ ዘዴ አልታየቻቸውም።

እኛ ጭልጋ፣ አይከል ከተማ ላይ ይህን ያህል አንራቀቅም። የጭልጋ ገበሬ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ የተስፋፋው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተር አለው። እሱን ይዞ ካርድ ክፍል ይሰለፋል፤ እግሩ አብጧል፣ ቢሆንም ይቆማል። እንዲህ ያለ ምርመራ ሲታዘዝለት ከመስኮቱ የሚሰማውን እናውቀዋለን፦ «ሪኤጀንት የለም፣ ውጭ አሠሩት።» ይቺ ናት የእኛ ኮድ። ለማንኛውም ምርመራ ትሠራለች፣ ፈቃድም አትጠይቅም። መድኑ ግን አያውቃትም፤ እሱ የሚያውቀው ሪፈራል ወረቀት ነው፣ ያውም ማኅተሙ በደንብ የሚነበብ። ሐምራዊው ቀለም ከደበዘዘ ከጎንደር ወደ አይከል መመለስ ነው።

ጠበብቱ ደግሞ በሽታው እንዲረጋገጥ ምርመራው ቢያንስ ከ12 ሳምንት በኋላ ይደገም ይላሉ። 12 ሳምንቱንስ እኛም ማንም ሳያዘን እንጠብቃለን፤ ለመጀመሪያው።